ሁለት ባይኖኩላር ይዞ የዱር አህያ ፍለጋ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ጋቢ ደርቤ፣ አንገቴ ላይ ሁለት ባይኖኩላር አንጠልጥዬ ነው። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «አባባ፣ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ ዓይን ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ባለፈው ክረምት ጡረታ ወጣሁ። የድሮ ተማሪዎቼ ተሰባሰቡና ስጦታ አዋጡ። አስተባባሪዋ ሰብለ ነበረች፤ ዛሬ የበረራ አስተናጋጅ ናት፣ ያኔ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅ። «ቲቸር ወፍ ሲያሳዩን በጠመኔ ነበር የሚጠቁሙን፤ ደህና ባይኖኩላር ይገባቸዋል» ብላ ከአውሮፓ ሁለት ይዛ መጣች። ባለሱቁ ደንበኛዋ ስለሆነ «መርጠው አንዱን ይያዙ፣ ሌላውን መልሺልኝ» ብሏታል። እሷም እሑድ በረራ ስላላት ሌላውን ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ለመምረጥ ያለኝ አምስት ቀን ብቻ ነበር።

ሁለቱም የታወቀ ፋብሪካ ሥራዎች ናቸው። አንዱ አሥር እጥፍ ያቀርባል፣ ሌላው ስምንት። ዋጋቸውን ስሰማ ሻይ ትን አለኝ። ከሳጥኑ ጋር አንድ ካርድ ነበር፤ ሁሉም ፈርመውበታል፤ መሐሉ ላይ በሰብለ ጽሕፈት «ቲቸር፣ አይተው ይንገሩን» ይላል። ደስ የሚል ቃል ነው ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ደግሞ የማልኮራበትን ልንገራችሁ። ክፍላችን ግድግዳ ላይ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ ታችኛውን ጠርዝ አይጥ በልታዋለች። በዚያ በኩል ያለው የአፋር የዱር አህያ ከሆዱ በታች የለም። አንድ ቀን ስለ እሱ ሳስተምር ሰብለ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?» አለች። ስልሳ ልጅ ያየኛል። «አዎ፣ አፋር ወርጄ አይቼዋለሁ» አልኩ። «እግሩስ ምን ይመስላል?» «እንደ ማንኛውም አህያ ነዋ!» ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

በሕይወቴ ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላ የወረድኩት እስከ ሸዋ ሮቢት ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ መጽሐፍ መጣ፤ ባለ ቀለም ሥዕል አለው። የዱር አህያ እግር እንደ ሜዳ አህያ ዥንጉርጉር ነው! ወደ ክፍል ተመልሶ «ተሳስቻለሁ» ማለት አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ያህል ፈጀሁበት። ባይኖኩላሩ እጄ ሲገባ የመጀመሪያው ሐሳቤ፣ ሄጄ ባየው ያ ውሸት እውነት ይሆንልኛል የሚል ነበር። ምርጫውም የሚለየው እዚያው ነው አልኩና በታኅሣሥ ብርድ ጉዞዬን ጀመርኩ።

ማክሰኞ

በአዲስ አበባ በኩል ዞሬ፣ አዳማን አልፌ፣ መተሐራ ላይ ጋቢዬን አጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ጠዋት ከአፌ ጉም የሚወጣበት አገር ነበርኩ፤ ከሰዓት በኋላ የሸሚዜን ቁልፍ እፈታለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ይታከካል፤ አዋሽ ሰባት ላይ ጥላ ፍለጋ።

ያረፍኩት ወይዘሮ ዘሃራ ቤት ነው። ከሐይቅ አካባቢ ከወሎ መጥታ እዚህ ከተማ ስትኖር ብዙ ዘመኗ ነው፤ ስድስት ክፍልና አንድ ምግብ ቤት አላት። የገና ጾም መሆኑን ሳልነግራት አውቃ «ለጾመኛ የተለየ ድስት አለኝ፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ አይጠርጥሩ» አለችኝ። ሽሮውን በቃሪያ አድርጋ አቀረበችልኝ። እኛ አገር እስላም እንግዳ ቢመጣ ይህን ያህል እናስብለታለን? እያልኩ በላሁ።

ከዚያ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ቁጭ ስል ከሥሬ አንድ ነገር ቀጭ አለ። መነጽሬ ነው፤ የዓይኔን መነጽር ማለቴ ነው። የግራ እጀታው ተገንጥሏል። ያለ እሱ እንኳን የዱር አህያ፣ ዘሃራንም ከበሩ አልለያትም። ሁለት እንዲህ ያሉ ባይኖኩላሮች ይዤ ታውሬ ልመለስ ነው ብዬ ላቤ መጣ።

ለዘሃራ ወስጄ ሳሳያት አገላብጣ አየችውና «አብሽሩ አባባ፣ ይቺ ምን አላት!» አለች። ከሂጃቧ ላይ ስፒል ነቀለች፣ በማጠፊያው ቀዳዳ አሳለፈችው፣ በጥርሷ አጠፈችው፣ ጫፉ እንዳይወጋኝ ክር ጠመጠመችበት። «ወላሂ ለዓይን ብዬ ነው እንጂ ይቺን ስፒል ለማንም አልሰጥም» ብላ አጠለቀችልኝ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ሦስት ቀን በቀጠሮ እመላለስ ነበር። ያ ስፒል እስከ ዛሬ መነጽሬ ላይ ነው፤ ልጆቼ አዲስ ግዛ ይሉኛል፣ አልሰማቸውም።

ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ ከጠባቂ ጋር አዋሽ ፓርክ ገባን። እዚህ ላይ ለማታውቁት ስለ ባይኖኩላር ላውጋችሁ፤ ከእንግዲህ አስተማሪነቴ የሚወጣው በዚህ ብቻ ነውና ታገሡኝ።

ትምህርት ቤታችን አንድ ባይኖኩላር ነበረው፤ የቀኝ ዓይኑ ጭጋግ፣ የግራው ድፍን። በእሱ ያየሁት ነገር ሁሉ ዙሪያው ሐምራዊ ጠርዝ ነበረው፤ ለዓመታት ቁራ ሐምራዊ ጠርዝ ያለው ይመስለኝ ነበር። ያን ጠዋት ሜዳው ላይ የሳላ መንጋ ቆሞ አገኘን። አሥር እጥፉን አነሳሁ። ሁለት ጦር የመሰሉ ቀንዶች፣ ከኋላቸው ነጭ ሰማይ፣ ጠርዛቸው ላይ ሐምራዊ ነገር የለም፤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ነጩም ነጭ። በቀንዱ ላይ ያለውን ቀለበት አንድ ሁለት እያልኩ ቆጠርኩ። አንዷ ስታላምጥ የመንጋጋዋን እንቅስቃሴ አየሁ። ጮክ ብዬ «ተመስገን!» ስል ጠባቂው «አባባ ያስደነግጧቸዋል» አለኝ።

ስምንቱን አነሳሁ። ሳላዋ ትንሽ ራቅ አለች፤ ግን ግራና ቀኟ ያሉት እህቶቿ፣ ከኋላ የምትሮጠው ከርከሮ፣ ቁጥቋጦው ላይ ያለው ወፍ፣ ሁሉም አብረው ገቡ። እንደ እኔ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ደግሞ ዓይን ላይ የሚያርፈው ጎማ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ስምንቱ ላይ መነጽሬን ሳላወልቅ ሙሉ ክቡን አየሁ፣ አሥሩ ላይ ግን ጠርዙ ይጠቁርብኛል። የዘሃራ ስፒልም ጣልቃ እየገባ አስቸገረ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አሥሩ ላይ ሳላዎቹ ሁሉ የሚጨፍሩ ይመስላሉ።

ይህን ሁሉ እያየሁ የመረጥኩት አሥሩን ነበር። ለምን? ሰው ነኛ! ደብረ ብርሃን ስመለስ «ስንት እጥፍ ነው?» ሲሉኝ «ስምንት» ከማለት «አሥር» ማለት አፍ ይሞላል። ትልቅ ቁጥር ይሻላል ብዬ ማታ ለዘሃራ ነገርኳት። ሁለቱንም አነሳችና «ይቺ አንገት ትሰብራለች» ብላ አሥሩን መለሰችልኝ። አልሰማኋትም።

ወደ ሰመራ የሚወስደኝን ሾፌር ያገኘችልኝ እሷ ናት። ሁመድ ይባላል፤ የገዋኔ ልጅ፣ አፋር፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ዝምተኛ ሰው። አማርኛው ቀጥ ያለ ነው፤ ለትንሹም ለትልቁም «አንተ» ነው። የምንሄድበትን ስነግረው አንድ ነገር አስጠነቀቅሁት። «የዱር አህያ እንደምንፈልግ በመንገድ ለማንም አትንገር» አልኩ። ደገኛ ነኝ፤ የምፈልገውን ሰው ካወቀ ይቀድመኛል ወይም ያስወድድብኛል ብዬ ነው። ሁመድ ጥቂት አየኝና «እሺ» አለ።

ሐሙስ

አዋሽ አርባ ስንደርስ ሁመድ «መምህር፣ ዓይንህን ቦርሳ ክተት» አለኝ። ወታደር ባለበት ባይኖኩላር አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ከተትኩ። ካለፍን በኋላ አወጣሁት።

የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና ወንዝ ነው። ገዋኔ ላይ ሻይ ጠጣን፤ ሾፌሮቹ በየጥላው ሥር ተጋድመዋል፣ ፍየል ሻጮች በመኪናዎቹ መሐል ያልፋሉ። አንድ ነገር ግን ትዕግሥቴን ይፈታተነው ጀመር። ሁመድ አፋር ባየ ቁጥር ይቆማል። ይወርዳል፣ እጅ ይነካካሉ፣ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ይሰማል፣ ከዚያ ተራው ይዞራል። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ።

«ዘመድህ ነው?» እለዋለሁ።

«አላውቀውም። ዳጉ ነው።»

ዳጉ ማለት የአፋር ወሬ መለዋወጫ ነው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ያየውን፣ የሰማውን፣ ሣር የበቀለበትን፣ ውኃ የደረቀበትን፣ የሞተውን፣ የተወለደውን ሳይደብቅ ይናገራል፤ የሚሰማውም ከማን እንደሰማ ይዞ ያልፋል። እኛም ረጅም ሰላምታ አለን። እንደምን አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሩብ ሰዓት ተሳስመን ስንለያይ ግን አንዳችን ስለሌላው አንዲት አዲስ ነገር አናውቅም። ወሬውንም ብናገኝ «ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት» ተብለን ነው ያደግነው።

ከገዋኔ አልፈን ጎማ ፈነዳ። ሁመድ ክሪክ አውጥቶ ከመኪናው ሥር ገባ፤ እኔ ላግዝ ብል «አንተ ሂድ፣ እይ» አለኝ። አጠገባችን ወዳለች ጉብታ ወጣሁና አሥሩን አነሳሁ። የዱር አህያ የለም። ከአዋሽ ወንዝ በኩል፣ ከግራር ዛፎቹ ወዲህ፣ ሦስት ግመሎች ብቻ ነበሩ። እረኛ የላቸውም። ሁለቱ ቡናማ፣ አንዷ ነጣ ያለች፤ ነጣ ያለችው የፊት ግራ እግሯን ታነክሳለች፤ አንዷ ቡናማ አንገቷ ላይ የእሳት ምልክት አለባት፣ ጡቷም ተወጥሯል። ባይኖኩላሩ እንዲህ ያሳያል እኮ! ግን ግመል ምን ያደርግልኛል? ወደ ሌላ አዞርኩት።

ጎማው ተቀይሮ ትንሽ እንደሄድን አንድ ሽማግሌ በመንገዱ ዳር ወደ ሰሜን ሲሄዱ ደረስንባቸው። ዓሊ ይባላሉ። ሁመድ እንደልማዱ ቆመ። ዳጉው ረዘመ። በመጨረሻ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩና አንድ ነገር ተናገሩ።

«እንግዳው ያየው ካለ ይንገረኝ ይላል» አለኝ ሁመድ።

ፀሐዩ አናቴን ይበሳል። መሄድ ነው የፈለግሁት። «ምንም የለም። ሰላም ነው በለው» አልኩ።

ሁመድ ተረጎመ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛም ሄድን።

ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳን በኋላ ሻይ ልንጠጣ አንዲት ዳስ ሥር ቆምን። ዝም ከማለት ብዬ «እኚያ ሽማግሌ ምን ሆነው ነው በእግራቸው የሚሄዱት?» አልኩት።

«ሦስት ግመል ጠፍቶበት። ሁለት ቀን ፈለገ። አንዷ ወልዳለች፤ ግልገሏ ቤት ነው፣ ወተት የለውም። ማታ ካላገኘ ይሞታል።»

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀረ።

«ሁመድ፣ አንዷ ነጣ ያለች ናት? ታነክሳለች?»

ሁመድ ቀና አለ። «የት አየህ?»

ነገርኩት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሻዩን ደፋና ተነሳ፤ መኪናውን አዞረ። እኔ እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እዚያ አገር ላይ ካሉት ዓይኖች ሁሉ ውድ የሆነውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ማወቅ ለሚገባው ሰው «ምንም የለም» ብያለሁ።

ሽማግሌውን ይባስ ወደ ሰሜን ርቀው አገኘናቸው። ወርጄ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይቻለሁ» አልኩ። አልተቆጡም። መሬት ላይ ቁጢጥ አሉና በሁመድ በኩል ይጠይቁኝ ጀመር። ስንት ናቸው? ፊታቸው ወዴት ነበር? እየጋጡ ነው ወይስ እየሄዱ? የቷ ትቀድማለች? ፀሐይ የት ነበረች? ሠላሳ ዓመት ፈተና አውጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ፈተና አውጥቼ አላውቅም። ምልክቱን ስነግራቸው በጣታቸው አሸዋው ላይ ሣሉት። «ይሄ ነው?» «እሱ ነው!» አልኩ። ፊታቸው በራ።

አሳፍረናቸው ወደ ጉብታዋ ተመለስን። ቀትር ሆኖ ነበር፤ ምድሩ እንደ ድስት ይንተከተካል። አሥሩን አነሳሁ፤ ያየሁት ሁሉ ይርገበገባል፣ ግራሩ ይቀልጣል፣ ድንጋዩም ግመል ይመስላል። ለካ እሱ የሚያጎላው እንስሳውን ብቻ አይደለም፤ የእጄን መንቀጥቀጥና የአየሩንም መርገብገብ አብሮ አሥር እጥፍ ያደርገዋል። ስምንቱን ከቦርሳ አወጣሁ። መርገብገቡ ቀነሰ፣ ሜዳው ሰፋ። ከግራሮቹ ሥር፣ በጥላው ውስጥ፣ አንድ ነጣ ያለ ጀርባ።

ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው ዓይናቸው ላይ አደረጉት። ሦስት ቃል በለሆሳስ ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«የግመሎቹን ስም ጠራ» አለ ሁመድ።

አልዋሽም፣ አለቀስኩ። በእግር ወርደን ደረስንባቸው። ሽማግሌው የተወጠረውን ጡት ትንሽ ቀለል አድርገው፣ አረፋ ያለውን ወተት በሁመድ ጣሳ አቀረቡልኝ። ጾም ነው። ጣሳውንም፣ የሰጠኝን እጅም አየሁ። ጠጣሁት። ጨው ጨው የሚል፣ ሞቅ ያለ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ጥቂት ስግደት ጨመሩብኝ፣ ይገባኛል።

ሊሄዱ ሲሉ ዳጉ እንደገና ጀመረ። በዚህ ጊዜ እኔ ራሴ ሁመድን «የምፈልገውን ንገራቸው» አልኩት። ነገራቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ትናንት ጠዋት ከሰርዶ የመጣ ሰው አግኝተዋል፤ ያም ሰው፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ኮረብታ ጀርባ፣ በደረቁ ወንዝ አፍ፣ ሁለት እንስት የዱር አህያና አንድ ውርንጭላ ጎህ ሲቀድ አይቷል። ይህን ወሬ ከትናንት ጀምሮ ይዘውት ነበር። ብጠይቅ ኖሮ ያኔ ይነግሩኝ ነበር።

ወደ ሰመራ ስንነዳ ሁመድን «ሰው የውሸት ዳጉ ቢሰጥስ?» አልኩት።

«ይታወቃል። ከዚያ ማንም አይጠይቀውም።»

ከሚሌ ካለፍን በኋላ ሳላስበው የክፍሉን ነገር፣ የአይጧን፣ የሰብለን ጥያቄ ሁሉ ዘረገፍኩለት። ነገ ካየሁት ነገሩ እንደሚስተካከል ነገርኩት።

«ባታየውስ?» አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

የባይኖኩላሩን ማንጠልጠያ በጣቴ ጠቀለልኩ።

«ብታየውም ባታየውም ንገራት» አለ። «ያኔ አላየህም።»

ሰመራ የደረስነው ፀሐይ ስትገባ ነው። ሰመራ የመንግሥት ቢሮ በሜዳ ላይ የበቀለበት ከተማ ነው፤ መንገዱ ሰፊ፣ ነፋሱ ትኩስ፣ ዛፉ ጥቂት። ያረፍንበት ቤት አልጋውን ውጭ አወጡልኝ። እኛ ቤት ሁለት ብርድ ልብስ አይበቃም፤ እዚህ አንሶላም በዛብኝ። ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛ የጎጃም ተወላጅ የሒሳብ መምህር ሦስት ኮዳ በረዶ ውኃ አምጥቶ «ጠዋት ሜዳ ላይ ሳይሞቅ ትጠጡታላችሁ፤ እኔ እዚህ ስመጣ ሰው ነው ያተረፈኝ» አለኝ። ስሙን ሳልጠይቀው መሄዴ ይቆጨኛል።

ዓርብ

ሰርዶ የደረስነው ሰማዩ ሲገረጣ ነው። መሬቱ የተሰባበረ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እንስሳ ምን ይበላበታል ያሰኛል። ጥቁሩን ኮረብታ አገኘን፤ ከሥሩ መኪናውን አቁመን በእግር ወጣን። ሽማግሌው እንዳሉት ከጀርባው ደረቅ ወንዝ አለ። ድንጋይ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ጠበቅን።

ፀሐይ ወጣች። ምንም የለም። የሁመድ «ባታየውስ?» እየመጣብኝ ነው። ሁመድ ትከሻዬን ነካኝና በአገጩ ጠቆመኝ። በባዶ ዓይኑ ነው ያየው! እኔ የማየው ግራጫ ድንጋይ ብቻ ነበር። ከዚያ ድንጋዩ ጆሮውን አንቀሳቀሰ።

እጄ አሥሩ ላይ ሄደ፤ ተውኩትና ስምንቱን አነሳሁ። ጎማው መነጽሬ ላይ አረፈ፣ የዘሃራ ስፒል ጆሮዬ ላይ ቆነጠጠኝ። የማጥሪያውን ቀለበት በአንድ ጣቴ አዞርኩ። ሁለት እንስት፣ መሐላቸው ውርንጭላ። ጸጉራቸው የሐር ያህል ያበራል፤ ሆዳቸው ነጭ፣ የጆሯቸው ጫፍ ጥቁር፣ ጋማቸው እንደ ብሩሽ ቀጥ ያለ። የደብረ ብርሃን አህያ ሸክም ያጎበጣት ናት፤ እነዚህ ግን ማንም ጀርባቸው ላይ ዕቃ አስቀምጦ የማያውቅ አህዮች ናቸው፤ አቋማቸው ያስታውቃል። እግራቸውን ግን ድንጋዩ ይጋርዳቸዋል። እንደዚያ ሥዕል፣ ከሆድ በታች የለም።

ሳልተነፍስ ጠበቅሁ። ፊተኛዋ ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ ወደ አሸዋው ወጣች።

አየሁት። አየሁት! ከጉልበቷ በላይ ጀምሮ እስከ ታች ጥቁር መስመር ነው፤ አንዱን ከሌላው አንድ በአንድ መለየት ይቻላል። ውርንጭላውም አለው፣ ቀጭን ቀጭን፣ ገና አዲስ። ለሁመድ አሥሩን ሰጥቼው ጎን ለጎን ተኝተን፣ ሁለት ሽማግሌ እንደ ሕፃን፣ እስኪሄዱ ድረስ አየናቸው። እርግጥ ሁመድ ሽማግሌ አይደለም፤ ደስታው አስረጀብኝ እንጂ።

ወደ መኪናው ስንመለስ አንድ ሐሳብ ሹክ አለኝ። አሁን ተስተካክሏል፤ «አይቼዋለሁ» ብል ውሸት አይደለም፤ ማን ቀን ይጠይቀኛል? ሁመድን አየሁት። በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ኔትወርክ መጣ። መኪናውን አስቆምኩና ደወልኩ።

«ቲቸር! የቱን መረጡ?» አለች ሰብለ ገና ሳንሰላለም።

«ስምንቱን። አሥሩን እሑድ ይዘሽ ሂጂ። ሰብለ፣ ዛሬ የዱር አህያ አየሁ።»

«እሰይ!»

«አልጨረስኩም። ከዛሬ በፊት አይቼ አላውቅም። ያኔ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነው። እግሩም እንደ ማንኛውም አህያ አይደለም። መጽሐፉ ሲመጣ አወቅሁ፤ አፍሬ ዝም አልኩ።»

አንድ ከባድ መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እናውቃለን ቲቸር» አለች በመጨረሻ፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «የታናሽ ወንድሜ መጽሐፍ ላይ ሥዕሉን አይቼ ለሁሉም አሳየኋቸው። መጽሐፉ በመጣበት ዓመት ሁላችንም አወቅን።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእነሱ ጠርቶ ኖሮ በጨለማ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«እርስዎ እኮ አስተማሪያችን ነዎት! ምን እንበልዎት? አንድ ቀን ሄደው ቢያዩት ብለን እንጂ። ካርዱ ላይ ጽፈንልዎት የለ እንዴ?»

ኪሴን ዳበስኩ። ካርዱ እዚያው ነበር፤ ላብ አርሶት፣ «ይንገሩን» የሚለው ቃል ብቻ ደህና ይነበባል።

«በሉ እንግዲህ ቲቸር» አለች፤ እጇን አውጥታ የተቀመጠች ያህል ታየችኝ። «እግሩ ምን ይመስላል?»

ሁመድ ሞተሩን አጠፋ። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጢጥ አልኩና፣ እንደ ሽማግሌው ሳልቸኩል፣ ከሰኮናው ጀምሬ ነገርኳት።